ለጥጆችና ለግልገሎች ስለሚሰጠው መድኃኒት

ከየወረዳው ስለ ከብት ጤና የሚጻፈው ደብዳቤ ወደ መሥሪያ ቤታችን ሲደርስ ተቀብሎ መመዝገብ የእኔ ሥራ ነው። በነዚህም ደብዳቤዎች ውስጥ ዘወትር የማነበው፥ ይህን ያህል ብልቃጥ መድኃኒት ታደለ፥ ይህን ያህል ከብት ተወጋ የሚል ነው። ከተወጉት ውስጥ ስንቱ በሕይወት እንደ ተረፈ፥ ይልቁንም ስንቱ ጥጃ፥ ስንቱ ግልገል፥ ስንቱ ሙሉ ከብት እንደ ነበረ የሚያስረዳ ዓምድ ግን በቅጹ ላይ የለም። የላሙና የጥጃው ሂሳብ ባንድ መስመር ተደምሮ ይመጣል። እኔ ጸሐፊ ነኝ እንጂ ሐኪም አይደለሁም፤ ዳሩ ግን ሐኪሞቹን እየጠየቅሁ፥ የጻፉትንም እያነበብሁ እንደ ተረዳሁት፥ ይህ ድምር የጽሕፈት ጉድለት ብቻ አይደለም። ጥጃን እንደ ትንሽ ላም የመቍጠር ልማድ ከበረቱ ተነሥቶ እስከ መዝገባችን ድረስ መግባቱን ያሳያል። በዚህም ልማድ የነገው የእርሻ በሬና የነገዪቱ የወተት ላም በየዓመቱ ይጠፋሉ። ስለዚህ ነገሩን ሕዝብ ለሚያስተዳድሩ ሹማምንትና ብዙ ከብት ላላቸው ሰዎች በቻልሁት መጠን ገልጬ ልጽፍ ወደድሁ።

በውጭ አገር ቋንቋ አንቲባዮቲክ የተባለው መድኃኒት፥ ባክቴሪያ የሚባሉትን በዓይን የማይታዩ ተሐዋስያን የሚገድል ወይም እንዳይራቡ የሚያግድ ነው። ከነዚህ መድኃኒቶች እጅግ የታወቀውን ፔኒሲሊንን አሌክሳንደር ፍሌሚንግ በ1928 ዓ.ም. (በአውሮፓ አቈጣጠር) በለንደን ከሻጋታ ላይ አገኘው፤ ፍሎሪና ቼይን የተባሉ ሊቃውንት ከጓደኞቻቸው ጋራ በኦክስፎርድ ለሕክምና እንዲበቃ አደረጉት። ሦስቱም በ1945 የኖቤልን ሽልማት ተቀበሉ። ፍሌሚንግም ሽልማቱን በተቀበለበት ንግግር፥ መድኃኒቱ ከሚገባው በታች ተመጥኖ ቢሰጥ ተሐዋስያኑ ይለምዱታል ብሎ አስጠነቀቀ። ዛሬ በገበያችን ከሁሉ ይልቅ የሚሸጠው ኦክሲቴትራሳይክሊን የታወቀው ከዚያ በኋላ በ1950 ነው።

ይህ መድኃኒት ግን በሽታን ሁሉ የሚያሸንፍ አይደለም። በ1880 ዓ.ም. ገደማ በምጽዋ በኩል ገብቶ ከብታችንን የፈጀው፥ ክፉ ቀን የተባለውንም ረኃብ ያመጣብን ደስታ የተባለው በሽታ ከባክቴሪያ ሳይሆን ከቫይረስ የሚመጣ ነበር። በአንቲባዮቲክ የሚድን አልነበረም፤ ከዓለም የጠፋውም በክትባት ነው፥ መጥፋቱም በ2003 ዓ.ም. ታወጀ። አባ ሰንጋን ያስነሣው ባክቴሪያ በፔኒሲሊን ይሞታል። የከብትን ሳንባ የሚያበሰብሰው ማይኮፕላዝማ የተባለው ተሐዋሲ ግን ከሌሎቹ የተለየ፥ በዙሪያው ቅጥር የሌለው ነው። ፔኒሲሊን ደግሞ ተሐዋስያንን የሚያጠፋው ቅጥራቸውን በማፍረስ ነውና፥ ለዚህ በሽታ ፔኒሲሊን መስጠት አጥር የሌለውን ግቢ አጥሩን አፈርሳለሁ ብሎ እንደ መዝመት ይቈጠራል። በጥጆች ላይ የሚወርደውም ተቅማጥ ብዙውን ጊዜ ከቫይረስና ክሪፕቶስፖሪዲየም ከተባለው ጥቃቅን ጥገኛ ስለሚመጣ፥ እነዚህን የሚገድል አንቲባዮቲክ በብልቃጡ ውስጥ የለም።

እንግዲህ መድኃኒቱ ተገቢ በሆነ ጊዜ በጥጃው አካል ውስጥ እንዴት እንደሚሄድ እንመልከት።

ከብት አራት ክፍል ያለው ከርስ እንዳለው፥ ሥጋ የሚያርድ ሁሉ ጨጓራውንና ሽንፍላውን ለይቶ ያውቀዋል። አዲስ በተወለደ ጥጃ ግን ሣር የሚብላላበት ትልቁ ክፍል ገና አልነቃም፤ ትንሽ ከረጢት ሆኖ ይቀመጣል። ጥጃው ጡት ሲጠባ ከጉሮሮው በታች ያለው ሥጋ እንደ ቦይ ተጠቅልሎ ይገጥምና ወተቱን ትልቁን ክፍል አሳልፎ በቀጥታ ወደ አራተኛው ክፍል ያደርሰዋል። በመጥባት ላይ ሳለ በወተት የተሰጠው መድኃኒትም በዚሁ ቦይ ያልፋል። ስለዚህ የሁለት ሳምንት ጥጃ በሆዱ ረገድ ከላም ይልቅ ወደ ሰው ልጅ ይቀርባል፤ በአፉ የተሰጠው መድኃኒት ከአንጀቱ ወደ ደሙ ሊገባ ይችላል። ጥጃው ሣር መቀንጠብ ከጀመረ፥ ሁለት ወይም ሦስት ወርም ከሞላው በኋላ ትልቁ ከርስ በማይቈጠሩ ተሐዋስያን ይሞላል። እነርሱም ሣሩን የሚያብላሉለት አገልጋዮቹ ናቸው። በዚህ ጊዜ በአፍ የተሰጠው አንቲባዮቲክ ከሁለት አንዱን ያደርጋል፤ ወይም እነዚያው ተሐዋስያን ይሰባብሩታልና ከንቱ ይቀራል፥ ወይም አገልጋዮቹን ፈጅቶ ከብቱን ከምግብ ያጣላዋል። ለጥጃ የረዳውን እንክብል ለወይፈን መስጠት የማይገባው ስለዚህ ነው። ወንድሜን አድኖታልና እኔንም ያድነኛል እያለ የሚያስብ ሕዝብ በዚህ ነገር ቢሳሳት ግን የሚያስገርም አይደለም።

ወተቱም ራሱ እንቅፋት አለበት። ኦክሲቴትራሳይክሊን በወተት ውስጥ ከሚገኘው ካልሲየም ጋራ ይጣበቃል፤ የተጣበቀውም ወደ ደም ሳይገባ ከፋንድያ ጋራ ይወጣል። ለጥጃው ያስባል የተባለ ሰው የመድኃኒቱን ዱቄት በወተት በጥብጦ ሲሰጥ ከሚገባው እኩሌታውን እንኳ ላያደርስለት ይችላል። ይኸው ካልሲየም ወዳድ መሆኑ ሌላም ነገር ያመጣል፤ መድኃኒቱ በማደግ ላይ ካለ አጥንትና ጥርስ ጋራ ተዋሕዶ ጥርሱን ያበልዛል።

ከሆድ ወይም ከሥጋ ወደ ደም የገባው መድኃኒት በአካል ውስጥ ባለው ውሃ ይበተናል። አዲስ ከተወለደ ጥጃ ክብደት ከመቶው 75 ገደማ ውሃ ሲሆን በሙሉ ከብት 60 ገደማ ነው፤ ከሁሉም በላይ በሕዋሳት መካከልና በደም ውስጥ የሚመላለሰው ውሃ በጥጃው ይበዛል። አንድ ማንኪያ ጨው በሁለት እንስራ ቢበተን፥ ሰፊው እንስራ እንዲልልበት ሁሉ፥ በውሃ የሚሟሟ እንደ ጄንታማይሲን ያለ መድኃኒትም ለአንድ ኪሎ በተመጠነው ልክ ቢሰጥ በጥጃው ደም ውስጥ ይሳሳል። የሚበተንበት ስፋት ከላሚቱ ጋራ በኪሎ ሲመዛዘን ከእጥፍ በላይ ይሆናል። ስለዚህ ጥጃው ትንሽ ስለ ሆነ ትንሽ ይበቃዋል የሚለው አሳብ፥ ለጠቅላላው ክብደት እውነት ቢሆንም ለእያንዳንዱ ኪሎ እውነት አይደለም።

ከዚህ በኋላ የሚመጣው ነገር ደግሞ ሚዛኑን ወደ ሌላ ወገን ያዘነብለዋል። መድኃኒትን ለውጦ ከአካል የሚያስወጣው ጕበት ነው፤ የጥጃው ጕበት ግን ሥራውን የሚማረው ከተወለደ በኋላ ነው። ትሪሜቶፕሪም የተባለውን መድኃኒት የመረመሩ ሊቃውንት እንዳገኙት፥ በደም ውስጥ ካለው እኩሌታው እስኪወጣ ድረስ በአንድ ቀን ጥጃ ከ8 ሰዓት በላይ ይፈጃል፤ በሰባት ቀን ጥጃ 2 ሰዓት ገደማ፥ በስድስት ሳምንት ጥጃ ግን ከ1 ሰዓት በታች ይሆናል። ያው መድኃኒት፥ ያው ዘር፥ ያው ምጣኔ ነው፤ የተለየው ዕድሜው ብቻ ነው። ክሎራምፌኒኮል የሚባለውም እንዲሁ በአራስ አካል ውስጥ ሳይወጣ ይጠራቀማል። በሰው ሕፃናት ላይ ገላን ግራጫ አድርጎ እስከ መግደል ማድረሱ በ1950ዎቹ መጨረሻ (በአውሮፓ አቈጣጠር) ታውቋል። የሰውን ደም የሚያደርቅ ጉዳት ስላለበትም ብዙ መንግሥታት ለሥጋና ለወተት እንስሳት እንዳይሰጥ ከለከሉት። ኩላሊት ግን በጥጃ ላይ ቶሎ ይበስላል፤ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ውስጥ ሥራውን ይደርስበታል። እንግዲህ በውሃ የሚሟሟውንና በኩላሊት የሚወጣውን መድኃኒት አራሱ ጥጃ በኪሎ በዛ አድርጎ፥ ጊዜውንም አራርቆ ይፈልጋል፤ በጕበት የሚወጣውን ደግሞ ከሁሉ በላይ ጊዜውን አራርቆ ይሻል። ይህን ሁሉ በልቡ ይዞ መወሰን የተማረ የእንስሳት ሐኪም ሥራ ነው እንጂ በገበያ ቀን ብልቃጥ በጨርቅ ላይ የሚዘረጋ ነጋዴ ሥራ አይደለም።

ሌላም የማይዘነጋ ነገር አለ። ተቅማጥ ያደረቀውና ብርድ የመታው ጥጃ ደሙ ከቆዳውና ከሥጋው ሸሽቶ ወደ ውስጥ ይሰበሰባል። ጆሮውና እግሩ ሲዳሰስ የሚቀዘቅዘው ስለዚህ ነው። በዚህ ጊዜ በሥጋው የተወጋው መድኃኒት የሚወስደው ደም አጥቶ በተወጋበት ቦታ ተኝቶ ይቀራል። ባለቤቱ ተወግቶ ሞተ ይላል፤ ነገር ግን መድኃኒቱ ገና ከተወጋበት አልተነሣም ነበር። ስለዚህ አስቀድሞ ጥጃውን ማሞቅና ውሃ መመለስ ይገባል፤ ለሕፃናት እንደሚደረገው በአንድ ሊትር ፈልቶ በቀዘቀዘ ውሃ ስድስት የሻይ ማንኪያ ስኳርና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው በጥብጦ በቀን ደጋግሞ ማጠጣት ነው። የእናቱንም ወተት መከልከል አይገባም፤ በሌላ ሰዓት ይጠባል። መርፌውም በአንገቱ ይሁን፤ የከሳ ጥጃ በመቀመጫው ቢወጋ ወደ እግሩ የሚወርደው ጅማት ተነክቶ ሽባ ሆኖ ይቀራል።

አሁን ወደ ብልቃጡ ልመለስ፥ ከሁሉ ይልቅ ጥፋት የሚደረገው በዚህ ነውና። ኦክሲቴትራሳይክሊን በሁለት ዓይነት ብልቃጥ ይሸጣል። በአንዱ ላይ ከመቶ 10፥ በሌላው ላይ ከመቶ 20 ተብሎ ተጽፏል። የመጀመሪያው በአንድ ሚሊ ሊትር 100 ሚሊ ግራም፥ ሁለተኛው 200 ሚሊ ግራም አለው። የመጀመሪያው ለአንድ ኪሎ 10 ሚሊ ግራም ሆኖ ዕለት ዕለት ለተወሰኑ ቀናት የሚሰጥ ነው። ሁለተኛው ለአንድ ኪሎ 20 ሚሊ ግራም ሆኖ አንድ ጊዜ ይሰጥና በሥጋ ውስጥ እየተንጠባጠበ ለሦስት ቀን ያህል በደም ውስጥ ይቆያል። ሂሳቡን ያሰላ ሰው እንደሚያየው፥ በሁለቱም ለ10 ኪሎ የሚቀዳው አንድ ሚሊ ሊትር ነው። ባለመርፌው የሚያየው ልክ አንድ ስለ ሆነ ሁለቱን አንድ አድርጎ ይይዛቸዋል። የቀን መድኃኒት የሆነውን አንድ ጊዜ ወግቶ ይሄዳል፤ ተሐዋስያኑ ቆስለው እንጂ ሳይሞቱ ይቀሩና ፍሌሚንግ እንዳለው ይለምዱታል። ወይም የሦስት ቀን የሆነውን በየማለዳው እየደጋገመ ጥጃውን በመድኃኒት ላይ መድኃኒት ይጭንበታል። መለያው ስያሜው ሳይሆን በብልቃጡ ላይ ያለው ቍጥር ነው፤ ቍጥሩም በላቲን ፊደል በደቂቅ ጽሑፍ ስለሚጻፍ ማንበብ የሚችለው ጥቂት ነው።

የክብደቱም ነገር አለ። አንድ የአገራችን ጥጃ ሲወለድ 22 ኪሎ ቢመዝን፥ የሚገባው ከሁለት ሚሊ ሊትር ጥቂት የሚበልጥ ነው። ሁለት ኪሎ የሆነች ግልገል ግን የሚገባት የአንድ ሚሊ ሊትር አንድ አምስተኛ ብቻ ነው። ለበሬ በተሠራ 20 ሚሊ ሊትር በሚይዝ መርፌ ይህን መለካት ገመድ ይዞ ወርቅ እንደ መመዘን ነው። አንድ ጊዜ ጣት ትንሽ ብትሸርተት ግልገሊቱ የአምስት ግልገል ድርሻ ትወስዳለች። ለዚህ ጉድለት የሚያስፈልገው ትንሽ መርፌና የደረት ዙሪያ መለኪያ ሜትር ነው፤ የሁለቱም ዋጋ ከአንድ ካርቶን ብልቃጥ አይደርስም። ነገር ግን ከየወረዳው የሚመጣው የዕቃ ጥያቄ ብልቃጥ እንጂ መለኪያ ሲጠይቅ ብዙ አላየሁም።

በከተማ ዙሪያ የወተት ላም የሚያረቡ ባለ ሀብቶችም የራሳቸው ልማድ አላቸው። ላሚቱ የጡት በሽታ ይዟት መድኃኒት ሲደረግላት፥ ወተቷ እንዳይሸጥ ይከለከላልና ለጥጃው ይሰጣል፤ ከሚደፋስ ጥጃ ይጠጣው ይባላል። እንዲህ ያለው ጥጃ ሳይታመም፥ ሳይመዘን፥ በየቀኑ ጥቂት ጥቂት አንቲባዮቲክ ይጠጣል፤ በአንጀቱም ውስጥ መድኃኒቱን የለመዱት ተሐዋስያን ብቻ እየተመረጡ ይራባሉ። በታመመ ጊዜም ያ መድኃኒት አይሠራለትም። ከዚያ በረት የሚወጣው ፋንድያ ወደ ማሳና ወደ ምንጭ ይሄዳል፤ የባለቤቱም ልጆች የሚጫወቱት በዚያው ግቢ ነው። ወተቱ የተከፈለበት ዋጋ መስሎ ስለሚታይ ማፍሰሱ እንደሚከብድ አውቃለሁ፤ ቢሆንም ማፍሰሱ ይሻላል።

ከእኛ ገበታ ላይም ያው ነገር ይደርሳል። የሦስት ቀኑ ኦክሲቴትራሳይክሊን የተወጋ ከብት ሥጋው እስኪጠራ ድረስ አራት ሳምንት ገደማ መቆየት ይገባዋል፤ ትክክለኛው ቀን በብልቃጡ ላይ ተጽፏል። ጄንታማይሲን ደግሞ በከብት ኩላሊት ውስጥ ከአንድ ዓመት በላይ ሊሸሸግ ይችላል። የታመመውን ወይፈን ወግቶ፥ አልድን ሲል በማግስቱ ለልኳንዳ የሚሸጥ ሰው የሚሸጠው ሥጋ ብቻ አይደለም። ይህን የሚከለክል ሕግ የለም እንዳይባል፥ ስለ እንስሳት መድኃኒት አስተዳደርና ቍጥጥር በ2004 ዓ.ም. አዋጅ ቍጥር 728 ወጥቷል።

አንዳንድ ሹማምንት፥ ሕዝቡ መርፌ ይፈልጋል፥ መርፌ ካልሰጠነው መንግሥት ረሳን ይለናል ብለው እንደሚመልሱልኝ አውቃለሁ። መልሱ ከባድ ነው፥ እውነትም አለበት። ዳሩ ግን ሕዝቡ የሚፈልገው ጥጃው እንዲተርፍ ነው፤ መርፌውን የሚወደው ሌላ ስላልታየው ነው። የጥጃ የመጀመሪያው መድኃኒት ከባሕር ማዶ አይመጣም፤ በእናቱ ጡት ውስጥ ያለው እንገር ነው። ላም በማኅፀኗ ሳለ ለጥጃዋ የበሽታ መከላከያ አታስተላልፍለትም፤ የምታስተላልፍለት በእንገሯ ነው። የጥጃው አንጀትም ይህን የሚቀበልበት በር ከተወለደ 24 ሰዓት ያህል በኋላ ይዘጋል፤ ከሁሉ የሚበልጠው ግን የመጀመሪያው ስድስት ሰዓት ነው። በዚህ ጊዜ የክብደቱን አንድ አሥረኛ፥ ማለት 22 ኪሎ የሆነው ጥጃ ሁለት ሊትር ያህል ሊጠጣ ይገባዋል። በብዙ አገር ግን እንገሩ ለቤተ ሰው ይታለባል፥ ወይም ቆሻሻ ነው ተብሎ ይደፋል፥ ጥጃውም እስኪጠራ ድረስ ይታሰራል። ከዚያ በኋላ በሦስተኛው ሳምንት ሲታመም ብልቃጥ ይፈለጋል። እትብቱን በአዮዲን የሚነክር፥ የጥጃውን ማደሪያ የሚያደርቅ፥ እንገሩንም የሚያጠባ ሰው፥ አብዛኛውን መርፌ ሳይፈልገው ይቀራል።

ስለዚህ በሹማምንት እጅ ያለው ነገር ብዙ ገንዘብ የሚጠይቅ አይደለም። በገበያ ቀን መድኃኒት በፀሐይ ላይ ዘርግተው የሚሸጡትን መከልከል ይቻላል፤ በፀሐይ የዋለ ብልቃጥ ጉልበቱ ስለሚያልቅ ይህ ገዢውንም ከመታለል ያድነዋል። በየእንስሳት ጤና ኬላው አንድ አንድ ሚሊ ሊትር የምትለካ ትንሽ መርፌና መለኪያ ሜትር እንዲኖር በበጀት ጊዜ ማሳሰብ ይቻላል። የቀበሌው ሰው በተሰበሰበ ጊዜ ስለ ግብርና ስለ መንገድ ከተነገረ በኋላ ስለ እንገር ሩብ ሰዓት ለሐኪሙ መስጠትም ይቻላል፤ ከሹም አፍ ሲወጣ ከሐኪም አፍ ከወጣው ይልቅ የሚሰማበት አገር ብዙ ነው።

በእኔ በኩል ለክፍሌ አለቃ ያቀረብሁት አሳብ ስለ ቅጹ ነው። የተወጋው ከብት ተብሎ የሚጻፈው ዓምድ በሦስት ይከፈል፤ ሦስት ወር ያልሞላው፥ ከሦስት ወር እስከ አንድ ዓመት ያለው፥ ከዚያም በላይ የሆነው ለየብቻው ይጻፍ። በአጠገቡም በሠላሳኛው ቀን በሕይወት ያለው የሚል አንድ ዓምድ ይጨመር። ቅጹ እስኪለወጥ ድረስ ግን፥ ይህን በባዶው ጠርዝ ላይ በእጃቸው ጽፈው የሚልኩልን የወረዳ ጸሐፊዎች ቢኖሩ፥ ወረቀቱን ለብቻው አኖረዋለሁ።